አንዲት ፊደል ለማስተካከል አሥራ ዘጠኝ ቀን

ስሜ በ«ጠ» ይጀምራል። የአባቴ ስም ደግሞ በ«ጨ»። ይህን የምነግራችሁ እንድንተዋወቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ የመጣው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ስለሆነ ነው። ልጅ ሆነን «አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ» እያልን ስንጮህ፣ ጫላ አድጎ ባንክ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው ማን አሰበ? አበበ እኮ በሶውን በልቶ፣ ሂሳቡን ከፍቶ፣ ቤቱ ገብቷል።

ጅማም ሆነ ሌላ ከተማ እንደ እኔ ስሙ ሁለት መልክ ያለው ሰው ብዙ ነው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ቀን የጨረስኩትን እናንተ በአራት ቀን ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ቢያንስ ሰኞ አትሂዱ። እሱን እመጣበታለሁ።

የጀመረው ዓርብ ዕለት ነው፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ። ለባንክ ሂሳብ ፋይዳ (ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ) ግዴታ ነው ሲባል እኔም እንደ ደህና ዜጋ በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። ልጅቷ ቁጥሬን አስገባች። ስክሪኑን አየች። እኔን አየች። እንደገና ስክሪኑን አየች።

«አይመሳሰልም» አለችኝ።

ፎቶው መስሎኝ «ያኔ ጺም ነበረኝ» አልኩ።

«ስምዎት ነው።»

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳ። ኦሮሚያ ውስጥ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ በላቲን ፊደል ማለት ነው። በቁቤ «ጠ» ኤክስ ነው። «ጨ» ሲ ነው። «ቀ» ኪው ነው። የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን ላወቀ ሰው አያሳስትም። የቀበሌ መታወቂያዬ የተጻፈው በዚህ ሕግ ነው። ዲግሪዬ ላይ ግን የእኔ ስም በቲ፣ የአባቴ በሲኤች ነው፤ እንግሊዝኛ አስተማሪያችን እንዳስለመደን። የባንክ ሂሳቡን የከፈትኩት በዲግሪው አጻጻፍ ነው። ፋይዳ የተመዘገብኩት በቀበሌ መታወቂያው። ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ደመወዝ አለው፣ ሌላው መታወቂያ አለው።

ይህ አልበቃ ብሎ የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው፤ የሩፋኤል ዕለት። እናቴ «ያን ቀን ዘንቦ ነበር፣ በረከት ነው» እያለች እስካሁን ታወራለች። (ጅማ ላይ ያልዘነበበት ጳጉሜን ካለ ንገሩኝ።) በረከቱ ግን ቅጽ ላይ አይሠራም። ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ ወር ምረጥ ሲል የሚያወርደው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» እያልን ቱሪስት ስንጠራ ኖረን፣ ቅጹ ላይ ስንደርስ አንዷን ወር ዋጥናት። አንዴማ አንዱ ጸሐፊ ተቸግሮ «ነሐሴ ላድርግልህ?» ብሎኛል፤ 41 ጠበበህ እንግዲያው 42 ልስጥህ እንደሚል የጫማ ነጋዴ።

ስለዚህ ባንኩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገልብጦታል። ሲገለብጥ ደግሞ ሁላችንም የምንሠራውን ስህተት ሠርቷል፤ ሰባት ደመረ። የሚደመረው ሰባት የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ለተወለደ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። የእኔ ቀን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1988 መሆን ሲገባው 1987 ተብሎ ተቀምጧል። አንድ ዓመት በነፃ አርጅቻለሁ ማለት ነው። ፋይዳው ላይ ደግሞ ልክ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኔዎች በስም ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይበላለጣሉ። ታላቁ ነው ደመወዝ ያለው።

መፍትሔው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ማምጣት። ከዚያ ማስተካከል። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለችኝ ልጅቷ። አልዋሸችም። እስዋ ጋ አምስት ደቂቃ ነው።

ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሰኞ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ። እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ሰኞ ስብሰባ ነው። ማስታወቂያ የለም፣ ሰው ሁሉ ግን ያውቃል። «አብሽር፣ ነገ ና» አለኝ። ጅማ ላልኖራችሁ፣ «አብሽር» ማለት አይዞህ ማለት ነው። ችግሩ፣ ከተማው ውስጥ ይህን ቃል የሚነግርህ ሰው መፍትሔ ሲያጣ ነው።

ማክሰኞ ሄድኩ። ኃላፊው አሉ። ጸሐፊዋ አለች። ኮምፒውተሩ ይሠራል። ደስታዬ አሥር ደቂቃ ቆየ።

«ማህተሙ የለም።»

«የት ሄዶ?»

«ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ሣጥኑስ?»

«ይኸው።»

«ቁልፉስ?»

«ሊሙ።»

ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ለቅሶ ነው፣ ምን ይባላል? «እግዜር ያጥናው» ብዬ ወጣሁ። ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከቤት ሳትወጡ «ኃላፊው አሉ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ማህተም የሚመታው ሰው አለ?» በሉ። ኃላፊ ሲሄድ ተወካይ ይተካል። ቁልፍ ግን ኪስ ውስጥ ተረስቶ አብሮ ይሄዳል።

ረቡዕ ቁልፉ ከሊሙ ተመለሰ። መብራት ሄደ።

እዚህ ላይ እንደ ጅማ ሰው ትንሽ ልማረር። ግልገል ጊቤ አንድ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። 184 ሜጋዋት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ከእሱ የወጣው ውኃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ለዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለት ላይ እንደገና 420 ሜጋዋት ያመነጫል። ያው ውኃ ሁለቴ ይሠራል። የእኔ ደብዳቤ አንዴ መታተም አቃተው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ቤት ድረስ ማድረስ ሌላ ነው ይሉኛል። ይገባኛል። በመሀል ሽቦ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ የጅማ ዝናብ አለ፣ የጅማ ዛፍ አለ። ቢሆንም ዘፈኑን ከጎረቤት እየሰሙ ድግሱ ላይ አለመጠራት ነው።

ያን ዕለት ማታ ቤቴም ጨለማ ነበር። ሻማ አብርቼ ለባለቤቴ ስለ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረግኩላት። ጨርሼ ዝም ስል የጎረቤት ቴሌቪዥን ተሰማ። የቆጣሪው ካርድ አልቆብን ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ባትለኝም ዝምታዋ ይበቃ ነበር።

ሐሙስ አልሄድኩም። ገበያ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ዓርብ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ልጻፈው። መንግሥት መሥሪያ ቤት በሌላው ቀን ለምሳ የሚወጣው ስድስት ተኩል ላይ ነው። ዓርብ ግን ለጁምዓ ሶላት ሲባል አምስት ተኩል ላይ ይወጣና ሰባት ተኩል ላይ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ አድጌ፣ ግማሹ ጓደኛዬ መስጊድ ሲሄድ እያየሁ ይህን መርሳቴ ነው የገረመኝ።

መቼም ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ አይቆምም። ከግቢው አጠገብ ጀበና የጣደች ሴት አለች። ከሰል ነው የምትጠቀመው። ቡናዋ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ማህተም አይፈልግም፣ ሰኞም አይሰበሰብም። በዚያ በባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በርጩማ ነው፤ መገጣጠሚያ ስለሌለው አይላቀቅም። ቢሮ ውስጥ ካለው ከየትኛውም ወንበር ይሻላል።

አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ። ፋይዳ ለመመዝገብ ነው የመጡት። ለምዝገባ የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን ብሌንና ፎቶ ይወሰዳል። የእሳቸው ጣት ግን ጠዋት አልነበብ ብሎ ሲያስቸግር ቆይቷል።

«ሃምሳ ዓመት ቡና ለቅሜበት ነው ያለቀው» አሉኝ፣ ጣታቸውን እያሳዩኝ። እውነትም ጫፉ ለስልሶ ያበራል። «እኔማ የቀረውን ውሰዱ አልኳቸው።»

ሰባት ተኩል ሲሆን አብሬያቸው ገባሁ። መዝጋቢው ልጅ ትዕግሥቱ ይደንቃል። «አዴ፣ እጅዎን ያምጡ» ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላቸው፣ መስታወቱንም ጠረገ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያስጫነ፣ አንዳንዱን አራት ጊዜ እየደገመ፣ ጨረሰ። አንደኛው አውራ ጣት ሲነበብ ቢሮው ውስጥ የነበርነው ሁሉ አጨበጨብን። እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ትንሽ ለስለስ የሚያደርግ ቅባት ተቀብተው፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ይሂዱ። መዝጋቢው ሲጣደፍ አሻራ ይሸሻል።

የእኔ ደብዳቤ ያን ቀን አልደረሰም። የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ማህተም ተመታበት፣ ቲተር ተደረገበት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ኩራቴ! እንደ ዲፕሎማ ይዤው ወጣሁ። ኮፒ ላድርገው ብዬ የማውቀው ኮፒ ቤት ስሄድ ቤቱ የለም። ደወልኩ።

«ተዛውረናል፣ ድሮ ዛፉ የነበረበት ጋ ና።»

«የትኛው ዛፍ?»

«አሁን የለም፤ ግን ስትደርስ ታውቀዋለህ።»

ደርሼም አላወቅኩትም። የባጃጁ ሹፌር ግን አወቀው። እኛ አገር አድራሻ ማለት ያረጁ ሰዎች ትዝታ ነው። የቤት ቁጥር በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ኮፒ ሲደረግ ነው ያየሁት። ደብዳቤው ላይ የእኔ ስም በቲ፣ የአባቴ ስም በሲ ተጽፏል። ግማሹ ከዲግሪው፣ ግማሹ ከመታወቂያው። ጸሐፊዋ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ልትሆን ፈልጋ ነው መሰለኝ። አሁን ሦስት ሰው ሆንን። እድር ለማቋቋም የቀረን ትንሽ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ስማችሁን እንዲጻፍ በምትፈልጉት መንገድ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጸሐፊዋ ስጡ። በቃል አትናገሩ። ሁለቱንም አጻጻፍ ለየብቻ ጻፉ፤ «በዚህ የተጻፈውም በዚያ የተጻፈውም አንድ ሰው ነው» የሚለው እንዲሰፍር። ከዚያ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ስክሪኑ ላይ አንብቡት። ፊደል በፊደል። ጸሐፊዋ ብትቆጣ ትቆጣ። ማህተም ከተመታ በኋላ ስህተትም ሕጋዊ ይሆናል።

ሐሙስ የተስተካከለውን ይዤ ባንክ ሄድኩ። «ሲስተም የለም።»

ይህን ሐረግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድሮ ሰው ነበር የሚጠፋው፣ አሁን ሲስተም ነው። የሰው መጥፋት ይሻል ነበር፤ ሰው ቢያንስ ሊሙ ሄዷል ይባላል። ሲስተም የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥበቃውን ነው። ጥበቃ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንም የሚወጣውንም ፊት ያያል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ትንሽ ይጠብቁ» ስትለኝ፣ ጥበቃው ቀስ ብሎ «ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ ዛሬ አትድከም፣ አብሽር» አለኝ። ልክ ነበር።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ በቪዲዮ ይደውላል፣ በስፒከር። ዱባይ ካለች የእህቱ ልጅ ጋር ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት እንደምትልክ፣ ለማን እንደምትልክ፣ ለማን ላለመላክ እንደወሰነች ሁላችንም አወቅን። ከኋላዬ ያለችው ሴት እንዲያውም ምክር ሰጠች። ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር እኮ ርካሽ ነው።

እዚያው ቆሜ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው፤ ይህን ያህል ሺህ ብር ገባልዎት ይላል። ደስ ሳይለኝ ተደወለ። «ወንድሜ፣ በስህተት ልኬብህ ነው፣ ልጄ ሆስፒታል ናት፣ በአላህ በእግዚአብሔር መልስልኝ።» ድምፁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። መልእክቱን ሳየው የመጣው በ09 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ነው። ባንክ ከግለሰብ ቁጥር መልእክት አይልክም። በ07 ቢመጣም ያው ነው። ምንም ሳትመልሱ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። የእኔ ሂሳብ ትናንት የነበረው ላይ ነበር፤ እሱም የሚወራለት አይደለም። ለሰውዬው «ሲስተም የለም» አልኩትና ዘጋሁት። በአሥራ ዘጠኙ ቀን ውስጥ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዓርብ ከባንኩ መልእክት መጣ። የሚቀጥለው ማክሰኞ 9:00 ላይ ይቅረቡ ይላል። ምሳዬን በልቼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አልኩ። ልጅቷ በአዘኔታ አየችኝ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት እኮ ነው።»

«ታዲያ ሦስት ሰዓት አይባልም?»

«ሲስተሙ ነው የሚጽፈው።»

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲሰጠኝ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጠዋት ነው ከሰዓት? በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ሰው እንደ ደንቆሮ ያየኛል። ይየኝ።

ደግነቱ ሰልፍ አልነበረም። ደብዳቤውን ተቀበለች፣ ሦስት ኮፒ ሰጠኋት (ሁልጊዜ ሦስት ያዙ፤ ሁለት ስትይዙ ሦስት ይጠየቃል)፣ ስሙን በፋይዳው አጻጻፍ አደረገችው፣ የልደት ዓመቱንም 1988 አለችው። አንድ ዓመት ወጣት ሆንኩ። ከዚያ «ማረጋገጫ ቁጥር ስልክዎ ላይ ይገባል» አለች። ጠበቅን። አልገባም። ለካ ሂሳቡ ላይ የተመዘገበው ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የነበረኝ ቁጥር ነው። ያ ሲም ዛሬ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አላህ ይወቅ። ስልክ ቁጥሩን ለማስቀየር ሌላ ቅጽ ሞላሁ። ስሜን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በኤክስ፣ ከዚያ በሲ። ከቤት ስትነሱ የትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ ቀድማችሁ አጣሩ። እኔን የረዳኝ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ መድረሴ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ መልእክቱ ገባ። ስሜ ልክ ነው። የአባቴም ልክ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ፊቴን አይቶ ገባው።

«አብሽር አላልኩህም?»

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። መልእክቱን አሳየኋት። ረጋ ብላ አነበበችው፣ ስልኩን መለሰችልኝ፣ ሁለተኛውን ሲኒ ቀዳችልኝ።

«የእኔስ ሂሳብ?» አለች።

የባለቤቴ ስም የሚጀምረው በ«ቀ» ነው። ባንክ ላይ በኬ፣ መታወቂያዋ ላይ በኪው።

ማክሰኞ እንሄዳለን።